አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ወዴት ይሄዳል?

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው አስፋልት ቡልቡላን አቋርጦ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ የስምጥ ሸለቆው ነጭ አቧራ ከመንገዱ ዳር ተነስቶ በየበሩ ይገባል። በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ገዢ የሚጠብቀውን ከሰል፣ የሻይ ቤቱን ወንበር፣ ጥላ ሥር የቆመውን ባጃጅ ሁሉ እኩል ያለብሳል። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ ክፍል ቤት በር ላይ ወፍራም መጋረጃ ተንጠልጥሏል። መጋረጃው የተሰቀለው ፀሐይን ለመከላከል ብቻ አይደለም። ቤቱ የፕሌይስቴሽን ቤት ነውና ከፀሐዩ ይልቅ የሚፈራው ይህ አቧራ ነው።

ውስጡ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማሽን፣ አራት ጆይስቲክና ግድግዳ ተደግፎ የተዘረጋ ረጅም አግዳሚ አለ። በግራ ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ነው፣ በቀኝ ያለው ፕሌይስቴሽን 3። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ደብተራቸውን በጉያቸው እንደያዙ ይገባሉ። እሁድ ደግሞ ከከተማዋ አጠገብ ባለው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ወጣቶች ይጨመሩባቸዋል። ሕጉ በየከተማው የሚታወቀው ሕግ ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተሸናፊ ይነሳል። ኦሮምኛው ከአማርኛው እየተቀላቀለ አርሰናልን የያዘው ማንቼን በያዘው ላይ ይጮሃል፤ አግዳሚው ላይ ያሉትም ከተጫዋቾቹ በላይ አሠልጣኝ ናቸው።

ባለቤቱ ሠላሳዎቹን ያገባደደ ሰው ነው። ልጆቹ ጋሼ ይሉታል። «ጋሼ፣ ይቺ ጆይስቲክ ሳልነካት ትሄዳለች» አለው አንዱ። «አምጣት እስቲ» ብሎ ተቀበለውና ከመሳቢያው ትንሽ ብሎን መፍቻና ብሩሽ አወጣ። ጆይስቲኳ ስትከፈት ከአናሎጉ ሥር ነጭ ዱቄት ተራገፈ። ማሽኖቹንም እንዲሁ በየጊዜው ይከፍታቸዋል። ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ ይጠርጋል፤ ቺፑ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ፍቆ አዲስ ይቀባል። መለዋወጫ ሲያስፈልገው አዳማ ወይም ሻሸመኔ ይሄዳል፤ እዚያ ካጣ ከመርካቶ ያስልካል።

ፕሌይስቴሽን 5 መቼ እንደሚያስገባ ጠየቅኩት። ቀን አልነገረኝም። ከቀኑ በፊት የሚያሳስቡት ሌሎች ነገሮች ነበሩ፦ ያገለገለ ዲስክ ይገኝለታል ወይ? ጆይስቲኩ ሲበላሽ የሚገጠም ዕቃ አለ ወይ? መብራት በድንገት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?

የጨዋታ ማሽን አምራቾች በየስንት ዓመቱ አዲስ ማሽን ማውጣት አለባቸው? ቶኪዮ ያለው ሶኒ፣ ኪዮቶ ያለው ኒንቴንዶና ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት ይህን ጥያቄ ሲያሰሉ የሚያስቡት ካርቶኑን ራሱ የሚከፍተውን የመጀመሪያ ገዢ ነው። ቡልቡላ የሚገባው ማሽን ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ባለቤቱ ጋ የደረሰ ነው። ከእነዚህ ባለቤቶች ወንበር ሲታይ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል፦ አዲሱ ከወጣ በኋላ አሮጌው ስንት ዓመት እንዲኖር ይፈቀድለታል? እኔ ይህን ከመጀመሪያው ይልቅ ትልቅ ጥያቄ አድርጌ ነው የማየው።

መጀመሪያ ግን የአምራቾቹን ስሌት እንይ። የሶኒ ማሽኖች የወጡባቸው ዓመታት (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው) 1994፣ 2000፣ 2006፣ 2013 እና 2020 ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው አምስት ዓመት ከሦስት ወር፣ ከዚያ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያም እንደገና ሰባት። ስልክ በየዓመቱ አዲስ ሲወጣ የጨዋታ ማሽን ይህን ያህል የሚቆየው አምራቹ የሚኖረው ማሽን በመሸጥ ብቻ ስላልሆነ ነው። አዲስ ማሽን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ጊዜ በኪሳራ ወይም ያለ ትርፍ ይሸጣል፤ ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ ሶኒ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ይከስር ነበር። ገንዘቡ የሚመለሰው ከሚሸጠው ጨዋታ ሁሉ ከሚነሳ ድርሻ ነው። ጨዋታ ሠሪው ደግሞ አንድ ትልቅ ሥራ ለመጨረስ አራትና አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ ሠሪው ሥራውን ይዞ ብቅ ሲል ተጫዋቹ ወደ ሌላ ማሽን ተሻግሯል።

ይህን በራሱ ላይ የቀመሰው ሌላው የጨዋታ ማሽን አምራች ሴጋ ነው። በ1988 ያወጣው ሜጋ ድራይቭ ተወዶለት ነበር። በ1991 በዚያ ላይ የሚቀጠል የሲዲ ማጫወቻ ሠራ። በኖቬምበር 1994 ደግሞ በዚያው ማሽን አናት ላይ የሚሰካ 32ኤክስ የተባለ ሌላ ተቀጥላ በ159 ዶላር ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። በዚያው ወር ጃፓን ውስጥ ሳተርን የተባለ ፍጹም አዲስ ማሽን መሸጥ ጀምሮ ነበር። 32ኤክስን ለልጁ የገዛ አሜሪካዊ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በሜይ 1995፣ ሳተርን ያለ ማስጠንቀቂያ በ399 ዶላር ሱቅ መግባቱን ሰማ። ሶኒ በዚያው ወር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደ የጨዋታ ትርኢት ላይ የራሱን ማሽን በ299 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቀ። ሳተርን ያልደረሳቸው ሱቆች ተቀየሙ፤ ጨዋታ ሠሪዎች ለየትኛው ማሽን እንደሚሠሩ ግራ ገባቸው፤ ገዢውም ነገ የሚጣል ዕቃ ዛሬ መግዛት አስጠላው። በ1998 የወጣው ድሪምካስት ጎበዝ ማሽን ነበር፤ የጠፋው እምነት ግን አልተመለሰለትም። ሴጋ በጃንዋሪ 2001 ማሽን መሥራት እንደሚያቆም አሳወቀ።

ማይክሮሶፍትም በጥድፊያ ተቀጥቷል። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ በ2001 ወጥቶ አራት ዓመት ብቻ እንደቆየ፣ ከሶኒ አንድ ዓመት ለመቅደም ሲባል ኤክስቦክስ 360 በ2005 ገበያ ገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሦስት ቀይ መብራት እያበሩ የሚሞቱ ማሽኖች ታሪክ ነው። ኩባንያው በ2007 ዋስትናውን ለማራዘም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቧል።

የተቃራኒው ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 2። በማርች 2000 ወጥቶ ማምረቱ የቆመው በ2013 መግቢያ ላይ ነው። ተተኪው ፕሌይስቴሽን 3 ከወጣ በኋላ እንኳ ስድስት ዓመት ተመርቷል። ሶኒ ሁለቱን ዋና ቺፖች ወደ አንድ ቺፕ ጠቀለላቸው፤ በ2004 ቀጭኑን ሞዴል አወጣ፤ በ299 ዶላር የተጀመረው ዋጋ በ2009 አሜሪካ ውስጥ 99 ዶላር ደረሰ። ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ እስካሁን የሚስተካከለው አልተገኘም። ይህ ማሽን ኢትዮጵያ ውስጥ በየሰፈሩ የፕሌይስቴሽን ቤት ሲከፈት ከዋናዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ነበር። ቺፕ ተገጥሞለት ተቀድቶ የሚሸጥ ዲስክ ያጫውት እንደነበር የማያውቅ የለም። የደራሲ መብት ጉዳይ ነውና ትክክል ነበር አልልም፤ ነገር ግን ኦሪጅናል ዲስክ የሚሸጥ ሱቅ በሌለበት አገር ሌላ መንገድም አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ ሲመጣ ዲስኩ እንደገና ይዞራል፤ ሌላ ጥያቄ የለውም። ፕሌይስቴሽን 4 ግን በድንገት ሲጠፋ በአግባቡ አልተዘጋሁም ብሎ ማከማቻውን ሲፈትሽ ያስጠብቃል፤ ሃርድ ዲስኩም እንዲህ ባለው መብራት ዕድሜው ያጥራል። ፕሌይስቴሽን 5 ትልቅ ጨዋታ ሲያጫውት 200 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2 ሃምሳ እንኳ አይሞላም። በጄኔሬተር ለሚሠራ ቤት ይህ ልዩነት ተራ ቁጥር አይደለም።

የአሮጌ ማሽን ዕድሜ በተግባር የሚለካው በእግር ኳስ ጨዋታ ነው፤ ቡልቡላም ሆነ አዳማ አግዳሚው ላይ ያለው ልጅ የሚጠይቀው ዘንድሮ የተገዛው ተጫዋች አለ ወይስ የለም ነው። ፊፋ የተባለው ጨዋታ ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን መሠራቱን ያቆመው በፊፋ 2005 ነው፤ ፕሌይስቴሽን 2 ከወጣ ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ። ለፕሌይስቴሽን 2 የመጨረሻው ፊፋ 14 ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 3 ከመጣ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል። ለፕሌይስቴሽን 3 የመጨረሻው ፊፋ 19 ሆነ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ከወጣ አምስት ዓመት ሊሆነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለአሮጌዎቹ የሚወጣው ጨዋታ ከአሰላለፍና ከማልያ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረውም። በአውሮፓ ተቺዎች ይህን ተሳልቀውበታል። የቡልቡላው ልጅ ግን የፈለገው አሰላለፉንና ማልያውን ነበር! ሣሩ በነፋስ ሲወዛወዝ ለማየት አይደለም ተራ የሚጠብቀው። ብራዚሎች ይህን ከማንም በላይ ተረድተውታል። ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣን የእግር ኳስ ጨዋታ ወስደው ቦምባ ፓች በሚል ስም አዳዲስ ተጫዋቾችንና የአገራቸውን ክለቦች እያስገቡ ማሽኑ መመረት ካቆመ በኋላም አቆይተውታል። እዚያው ብራዚል ቴክቶይ የተባለ ኩባንያ የሴጋን አሮጌ ማሽኖች ሌላው ዓለም ከረሳቸው ከብዙ ዓመት በኋላም በሕጋዊ ፈቃድ ሲያመርት ኖሯል። ገበያው ድሃ ስለሆነ አሮጌ ይበቃዋል ማለቴ አይደለም። አሮጌ ማሽን በክብር፣ በሕጋዊ መንገድና በቅናሽ እንዲኖር ማድረግ ሊሠራበት የሚችል ንግድ መሆኑ እዚያ ታይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት፤ አዲስ ማሽን ባይወጣ ቡልቡላ አትጠቀምም። በመጋረጃው ጀርባ ያለው ፕሌይስቴሽን 4 እዚያ የደረሰው አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ፕሌይስቴሽን 5 ገዝቶ እሱን ስለሸጠው ነው። ነገሩ ከዝዋይ ሐይቅ ተነስቶ በዚችው ከተማ አጠገብ አልፎ ወደ አብጃታ እንደሚፈሰው እንደ ቡልቡላ ወንዝ ነው፤ ላይኛው ሐይቅ ካልሞላ ለታችኛው የሚወርድ የለም፤ በመንገድ ላይ ከተጠለፈም አብጃታ ይሸሻል፤ ሲሸሽም በዓይናችን እያየነው ነው። ስለዚህ አዲሱ መውጣት አለበት፤ አሮጌውም ሳይጠለፍ መውረድ አለበት።

አሁን ያለው ችግር የማሽኖቹ ዋጋ መውረዱን ማቆሙ ነው። እስከ ፕሌይስቴሽን 4 ድረስ ነገሩ የታወቀ ነበር፦ ፕሌይስቴሽን 4 ራሱ በ399 ዶላር ወጣ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ቀጭኑ በ299 መጣ፣ ያገለገለውም አብሮ ረከሰ። ቺፕ እየጠበበ በሄደ ቁጥር ከአንድ ሳህን ሲሊከን ብዙ ይወጣ ስለነበር ማምረቻ ዋጋው ይቀንስ ነበር። ዛሬ ቺፕን ማጥበብ ራሱ እጅግ ውድ ሆኗል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በ499 ዶላር የወጣው ባለ ዲስኩ ፕሌይስቴሽን 5 በ2022 በብዙ አገሮች ዋጋው ጨመረ። አሜሪካ ውስጥም በኦገስት 2025፣ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ 549 ዶላር ገባ። አምስት ዓመት ያረጀ ማሽን ከተወለደበት ቀን ይልቅ መወደዱ በዚህ ንግድ ያልተለመደ ነው። አዲሱ ካልረከሰ ደግሞ አሮጌውን የሚያረክሰው የለም።

የእኛ ብር በዚህ ላይ ተጨመረ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። 500 ዶላር የሚያወጣ ማሽን ከ28,500 ብር ተነስቶ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይነካው ከ60,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። አንድ ጨዋታ በ10 ብር እንዲታሰብ አድርገን እናስላው። ለ60,000 ብር 6,000 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጨዋታ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ 1,000 ሰዓት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ውለው፣ መብራትም ጠፍቶ በቀን ሦስት ሰዓት የተሞላ ጨዋታ ቢገኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የቤት ኪራዩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ መብራቱና በ70 ዶላር የሚሸጠው አዲስ ጨዋታ ገና አልገቡበትም። ቡልቡላ ላይ አዲስ ማሽን በየአራት ዓመቱ የሚቀየርበት ሒሳብ የለም፤ በየሰባት ዓመቱም የሚከብድ ነው።

የገንዘቡ ችግር ሳያንስ፣ በከተሞቻችን የትምህርት ቤት አካባቢ ቁጥጥር ሲጀመር የፕሌይስቴሽን ቤት ከሺሻና ከጫት ቤት ጋር በአንድ ዝርዝር ይገባል፤ የመማር ማስተማሩን ሂደት ያውካሉ ይባላል። በትምህርት ሰዓት ልጅ የሚያስገባ ቤት መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያች ክፍል ብዙ ልጆች ጆይስቲክ የሚነኩባት ብቸኛዋ ቦታ ናት፤ አንዳንዱም ማሽን ሲከፈትና ሲጠገን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እዚያ ነው። በአገራችን ጨዋታ መሥራት የጀመሩት ወጣቶች፣ ኩኩሉንና ገበጣን የሠራው ቅኔ ጌምስን ጨምሮ፣ የሠሩት ለስልክ ነው፤ ስልክ በሁሉም እጅ አለ፣ የጨዋታ ማሽን ግን የለም። የቡልቡላ ልጅም ሳንቲም ሲያጣ በታላቅ ወንድሙ ስልክ ይጫወታል። ነገር ግን በትንሿ መስታወት ላይ ብቻውን አጎንብሶ ነው፤ ጎኑ ተቀምጦ የሚያበሽቀው ተቃዋሚ፣ ከኋላው የሚጮህ አግዳሚ የለውም።

እንግዲህ በየስንት ዓመቱ ለሚለው የእኔ መልስ ይኸው፦ ከሰባት ዓመት ባነሰ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ስምንት ቢሆን እመርጣለሁ። ኒንቴንዶ ከስዊች እስከ ስዊች 2፣ ከማርች 2017 እስከ ጁን 2025፣ ስምንት ዓመት ቆይቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ ማሽን ሸጧልና መቆየት አያከስርም። በመሃል የሚወጡት ጠንከር ያሉ ሞዴሎች፣ በ2016 እንደወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ያሉት፣ ያንኑ ጨዋታ እስካጫወቱ ድረስ አይጎዱንም። እንዲያውም ባለገንዘቡ ወደ እነሱ ሲሻገር መደበኛው ማሽን ወደ እኛ ይወርዳል። ከዓመቱ ቁጥር በላይ የምፈልገው ግን አምራቹ አዲሱን ባወጣ ዕለት ስለ አሮጌው ቃል እንዲገባ ነው። ቢያንስ ለሌላ ሰባት ዓመት የጆይስቲክና የማራገቢያ መለዋወጫ ይሠራል፤ ማሽኑ ያለ ኢንተርኔት ይነሳል፤ የእግር ኳሱ አሰላለፍ ይታደሳል። ፕሌይስቴሽን 2 ይህን ሁሉ ከሞላ ጎደል ስላገኘ ነው የኖረው። ፕሌይስቴሽን 4ም ቶሎ አልተተወም፤ በሴፕቴምበር 2024 የወጣው፣ ፊፋን የተካው የእግር ኳስ ጨዋታ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 25 ለእሱም ተሠርቶለታል።

የሚያሰጋኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። አሮጌ ማሽን ከእጅ ወደ እጅ ሊሄድ የቻለው ጨዋታው ዲስክ ስለነበረ ነው፤ ማሽኑ ሲሸጥ ዲስኩም አብሮ ይሸጣል፣ ይዋዋሳል፣ ይለወጣል። በኖቬምበር 2024 በ700 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ዲስክ ማጫወቻ የለውም፤ ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል። ከ2023 ወዲህ የመጡት ቀጫጭን ፕሌይስቴሽን 5ዎች የሚፈታ ማጫወቻቸው መጀመሪያ ሲገጠም በኢንተርኔት ካልተመዘገበ አይሠራም። በኢንተርኔት የሚገዛ ጨዋታ ደግሞ የሰው ስም ላይ ይታሰራል። የሶኒ የጨዋታ መደብር ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች በይፋ የሚያገለግለው ደቡብ አፍሪካን ነው፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። አካውንት የሚከፍት ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ነዋሪ ነኝ ብሎ መሙላት ግድ ሆኖበታል፤ ገንዘብ የከፈለበትን ጨዋታም ቢፈልግ ለጎረቤቱ መሸጥ አይችልም።

ኒንቴንዶ ለስዊች 2 ያመጣው አዲስ ዓይነት ካርድ ደግሞ አለ፤ የጨዋታ ቁልፍ ካርድ ይሉታል። ቅርጹ ካርድ ነው፤ መልሶ መሸጥም ይቻላል። ጨዋታው ግን ውስጡ የለም፤ የገዛው ሰው ሁሉ ከኒንቴንዶ ሰርቨር ማውረድ አለበት። ሰርቨሩ እስከሠራ ድረስ ካርዱ ዋጋ አለው። ከአሥር ዓመት በኋላ በአምስተኛ ባለቤቱ እጅ ቡልቡላ ሲደርስ ግን፣ በዚያን ጊዜ ኪዮቶ ያሉ ሰዎች ሰርቨሩን አጥፍተውት ከሆነ፣ ባለ ብሎን መፍቻው ሰው ከፍቶ የሚጠርገውም ሆነ ከመርካቶ የሚያስልከው መለዋወጫ አይኖርም።